ከስፒከር ሥር ያኖርሁት ጅባራ

ዳባት ገበያ ላይ ስሜን የማያውቅ ሰው ሞልቷል፤ የማያውቀኝ ግን የለም። "የጅባራዋ ሴትዮ" ይሉኛል። ሱቄን ዘግቼ፣ መበየጃዬን ጠቅልዬ ደባርቅ እኅቴ ቤት ከገባሁ ወዲህ እንኳ መንገድ ላይ የሚያቆመኝ አይጠፋም። "እትዬ እንጉዳይ፣ ያ ያደረግሽልን ጅባራ እስከ ዛሬ አለ፤ ድምፁ እንደ ጠራ ነው" ይለኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ አልፋለሁ። ምስጋና ሰውን እንዲህ እንደሚያሳፍር በራሴ ነው ያየሁት።

ጅባራን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከደባርቅ በላይ ባለው ተራራ አናት፣ ጨነቅ በሚባለው ቦታ በኩል፣ ብርዱ መሀል እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ የሚበቅለው ተክል ነው። አንዴ አብቦ ይደርቃል። ሲደርቅ ግንዱ ውስጡ ባዶ፣ እንደ ቡሽ የቀለለ ይሆናል። እኔ የወደቀውን ግንድ እንደ ድፎ ዳቦ እየቆረጥሁ፣ ከቴፕና ከስፒከር ሥር እያኖርሁ፣ ድምፅ ያጠራል ስል ኖርሁ። ለማታለል ብዬ አይደለም፤ አምኜበት ነው። የባሰውም ይኸው ነው።

ሥራውን የተማርሁት ከአንድ ሰው ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቋርጬ ደባርቅ መናኸሪያ ጥግ ሻይ ስሸጥ፣ ከጎኔ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግኑ ጋሽ ውበቱ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሻይ ላደርስላቸው እገባና ሳልወጣ እቀራለሁ። አንድ ቀን ቀና ብለው፣ "ቆመሽ ከምታዪ ይችን ያዢ" ብለው ካቻቢቴ ሰጡኝ። ሻይ መሸጡ በዚያው ቀረ።

ጋሽ ውበቱ የተበላሸ ዕቃ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ያሸቱታል። ክዳኑን ከፍተው አፍንጫቸውን አስገብተው ይቆያሉ። የተቃጠለ ሽቦ አንድ ሽታ አለው፤ አይጥ የገባበት ሌላ፣ ቢራ የፈሰሰበት ሌላ። እኔ በዓይኔ ብቻ ስፈልግ ሲያዩኝ፣ ታዲያ አፍንጫሽን ለምን ይዘሽው ትዞሪያለሽ ይሉኝ ነበር። የስፒከር ወረቀት ሲቀደድ በሶፍትና በቀጠነ ኮላ ይለጥፉታል። ኮላው ከወፈረ ወረቀቱ ይከብደዋል፤ ድምፁም ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ይሆናል። የለጠፉትን ሲፈትሹ በጣታቸው ጀርባ ነካ ያደርጉታል፤ የጣት ፊት ብዙ ስለሠራ ደንዝዟል፣ ጀርባው ግን ገና ይሰማዋል ይሉ ነበር።

ከሁሉ የምትገርመኝ ግን አንዲት ልማዳቸው ናት። ዕቃው ተጠግኖ ባለቤቱ ሲመጣ ይከፍቱለትና እሳቸው ወጥተው በረንዳ ላይ ይቆማሉ። ምነው ብላቸው፣ "እፊቱ ከቆምሁ እኔን ያመሰግነኛል እንጂ ዕቃውን አይሰማውም" አሉኝ። ያን ጊዜ ዓይን አፋርነት መስሎኝ ነበር።

ጅባራውንም መጀመሪያ ያኖሩት እሳቸው ናቸው። በአንድ ጠጅ ቤት መደርደሪያው ላልቶ፣ ወደ ሊማሊሞ የሚወርድ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የላዩ ስፒከር ይንጫጫል። ጋሽ ውበቱ ከጨነቅ የመጣ በቅሎ ነጂ በር ላይ የጣለውን የደረቀ ጅባራ አንሥተው ከሥሩ ሸጎጡለት። መንጫጫቱ ቆመ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። እሳቸው ያደረጉት ለመደርደሪያው ነው። እኔ ግን ዘፈኑ ራሱ የጠራ መሰለኝ።

እሳቸው ካረፉ በኋላ በአንድ ትምህርት ቤት የድምፅ ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። ደመወዙ ለወሬም አይበቃ። ርእሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበር፤ ጆሮው ግን የሚያውቀው ጩኸትን ብቻ ነው። ስፒከሩን ባሕር ዛፍ ላይ አሰቅሎ፣ ከገበያው ካልተሰማ ተሠራ አልልም ይለኛል። እሱ ሲያስጮኸው ወረቀቱ ይቀደዳል፣ እኔ እለጥፋለሁ፤ እንዲህ ስንል ሁለታችንም ሰለቸንና ተለያየን። ከዚያ ወደ ዳባት ሄጄ ከመኪናው መንገድ ዳር የራሴን ሱቅ ከፈትሁ። ለፈቃዱ የተመላለስሁትን ትቼዋለሁ።

የመጀመሪያ ደንበኞቼ የከባድ መኪና ሹፌሮች ነበሩ። የሊማሊሞ አቧራ ቴፓቸው ውስጥ እንደ ዱቄት ተነፍቶ ይቀመጣል። አንዱ መጣና፣ "አንቺ ሴት፣ ይሄ ዘፋኝ ዳገት ላይ ያቃስትብኛል" አለኝ። የሚያቃስተው መኪናህ እንዳይሆን አልሁት። ሣቀና ደንበኛዬ ሆኖ ቀረ።

ጅባራው የገባው በዚህ መሀል ነው። ለአንዲት የጨርቅ ነጋዴ ቴፕ ጠግኜ ቤቷ ሳደርስ ጠረጴዛዋ ተንጋዶ አገኘሁትና ቁራጭ ጅባራ ከሥሩ አኖርሁላት። "ውይ፣ ድምፁ ተለወጠ እኮ" አለች። አዳመጥሁ። ለእኔም ተለውጧል፤ ውሸት የለበትም፣ ሰማሁት። በማግሥቱ ጎረቤቷ መጣች፣ ከዚያ የጎረቤቷ እኅት። እያለ እያለ ስሜ ወጣ፤ ከጃናሞራ ድረስ ቴፕ በበቅሎ ጭኖ የሚመጣ ሆነ። እኔም እየጨመርሁበት ሄድሁ። በስፒከሩ ገመድ ላይ የመዳብ ሽቦ መጠምጠም፣ በላዩ ከወንዝ የመጣ ጥቁር ድንጋይ መጫን፣ ከኋላው የበግ አጎዛ መስቀል። ሁሉንም ፈትኜዋለሁ እል ነበር። አፈታተኔ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ባዶውን አሰማለሁ፣ ከዚያ ሰው እያየኝ ዕቃውን አስቀምጣለሁ፣ ፈገግ ብዬ "አሁንስ?" እላለሁ። "ጠራ" ያላለኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

የኔታ ጥበቡን የማውቃቸው ሱቁን እንደከፈትሁ ነው። ከዳባት ወጣ ባለች ደብር የዜማ መምህር ናቸው፤ ድጓ ያስተምራሉ። ያረፉት መምህራቸው ድምፅ የተቀዳባቸው ካሴቶች ነበሯቸው። ከተማሪ ጋር ሲከራከሩም፣ ራሳቸውን ሲጠራጠሩም የሚመለሱት ወደዚያ ነው። አንድ ቀን ቴፑን ታቅፈው መጡና፣ "ልጄ፣ መምህሬ እንዲህ ወርደው አይጀምሩም" አሉኝ። ባዳምጠው ምንም አላገኘሁበትም። ለማክበር ያህል ከፈትሁት። ውስጥ ያለው ላስቲክ ላልቶ ካሴቱ በጥቂቱ፣ በጣም በጥቂቱ እየዘገየ ይዞራል፤ ድምፁ ዝቅ ያለው ለዚያ ነው። ላስቲኩን ቀይሬ ስከፍተው የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑና "አሁን መጡ" አሉ። እንዲህ ያለ ጆሮ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ስለዚህ ከቴፓቸው ሥር ጅባራ ባኖርሁላቸው ጊዜ የኔታ "ጠራ" ሲሉልኝ ለእኔ ነገሩ አለቀ። ደንበኛ ሲያንገራግር የኔታ ጥበቡ የመሰከሩለት ነው እላለሁ። ዳባት ላይ ከእሳቸው ጆሮ ጋር ማን ይከራከራል?

ዓመታት አለፉ። ካሴቶቹን ወደ ፍላሽ ገለበጥሁላቸው፤ ቴፑም በሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ተተካ። ከዚያ የኔታ ድምፁ ደነዘዘብኝ ማለት ጀመሩ። ሄጄ ብፈትሸው እንከን የለበትም። ጅባራውን በአዲስ ቀየርሁ። "ጠራ፣ እግዜር ይስጥሽ" አሉ። ሰንብቶ እንደገና ደነዘዘ። ሽቦ ጠመጠምሁ፤ ጠራ። ደነዘዘ። ድንጋይ ጫንሁ፤ ጠራ። አጎዛ ሰቀልሁ።

በግራ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ነበር። አይቼዋለሁ። አንዳንድ ቀን ጥጡ ይረጥባል፤ ሲያነጋግሩኝም ቀኛቸውን ወደ እኔ ያዞራሉ። አንድ ጊዜ ምነው ጆሮዎን ብላቸው ብርድ መትቶኝ ነው፣ ያልፋል አሉኝ። እኔም ተውሁት። ለዜማ መምህር ጆሮዎ አይሰማም ተብሎ እንዴት ይነገራል? ዝምታዬን እንደ ጨዋነት ቆጠርሁት። ግን ጨዋነት ብቻ አልነበረም። የእሳቸው ጆሮ ታሟል ካልሁ ምስክሬ ማን ሊሆን ነው? እንዲህ ብዬ ቁጭ ብዬ አላሰብሁትም። ሳላስበው አደረግሁት።

ያልተታለሉት ባለቤታቸው እትዬ ድንቄ ናቸው። በመጣሁ ቁጥር በር ላይ ይቀበሉኝና፣ "ዛሬ ደግሞ ምን ልትጭኝበት ነው? የገበያ አህያ እንኳ እንዲህ አልተጫነች" ይሉኛል። እሥቃለሁ። እሳቸውም ይሥቃሉ፤ ዓይናቸው ግን ከየኔታ ላይ አይነሣም ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ አዲስ ነገር ይዤ መጣሁ፤ ከሞተ ስፒከር ያወጣሁት ማግኔት። እትዬ ድንቄ እጄን ያዙኝና መጀመሪያ ያለው ይፈተን አሉ። የኔታ ተማሪዎቻቸው ማን ይበልጣል ብለው ሲጣሉ የሚዳኙበት የራሳቸው መንገድ አላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፤ ተማሪዎቹ ስማቸውን ሳይናገሩ በየተራ ያዜማሉ፤ እሳቸው ሳያዩ ይፈርዳሉ። ለወዳጅም ለዘመድም ልጅ እንዳያደሉ ነው።

"በዚሁ ይዳኙ" አሉ እትዬ ድንቄ። "ለተማሪ የበቃ ፍርድ ለእንጨት ያንሰዋል?"

የኔታ ሣቁ። እኔም ሣቅሁ። ጥርጣሬ የሚባል ነገር በልቤ አልነበረም።

እኔና የኔታ ወንበራችንን ወደ ግድግዳው አዞርን። እትዬ ድንቄ ከኋላችን ሆነው አንዴ ጅባራውንም ሽቦውንም ድንጋዩንም ያወጣሉ፣ አንዴ ይመልሳሉ፣ አንዴ አውጥተው እዚያው መልሰው ያኖሩታል። ድምፃቸው እንዳያሳብቅባቸው ሁልጊዜ እኩል ይንጎዳጎዳሉ። ከዚያ ያው የመምህሩ ዜማ ይከፈታል፤ እኛ "አለ" ወይም "የለም" እንላለን። እኔ ቶሎ ቶሎ ነበር የምመልሰው። አለ። የለም። የለም። አሁን አለ፣ ጉሮሯቸው እንኳ ሲነዝር ይሰማል። እትዬ ድንቄ መልሳችንን ይቆጥሩ ኖሯል። ሲጨርሱ ዞሬ አየኋቸው፤ ፊታቸው ላይ የማሸነፍ ነገር የለም። ያገኘሁትና የሳትሁት እኩል ለእኩል ሆኖ ተገኘ፤ አንድ መንገደኛ ቆሞ ቢገምት የሚያገኘውን ያህል። ጉሮሯቸው ይሰማል ባልሁ ጊዜ ጅባራው በረንዳ ላይ ነበር።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ግን የእኔ ውርደት ብቻ ሆኖ በቀረ። እትዬ ድንቄ፣ አንዲት ቀርታኛለች ብለው እንደገና አዞሩን።

ዜማው ተከፈተ። ወዲያው ድምፁ ታፈነ፤ ቀጭኑ ሁሉ ጠፍቶ ወፍራሙ ብቻ ቀረ። ምን እንደሆነ አወቅሁ፤ ስፒከሩ ላይ ጋቢ ደራርበውበታል። እንዲህ ያለውን ማንም ሰው ይሰማል። ልናገር አፌን ስከፍት የኔታ ቀደሙኝ።

"አሁን ጠራ" አሉ። "ጅባራው ገባ።"

እትዬ ድንቄ ዜማውን ዘጉት። በግራቸው በኩል ቀረቡና ከጆሯቸው ሥር ሆነው በቀስታ "ጥበቡ" አሏቸው። ባለቤታቸው በስማቸው ሲጠሯቸው ሰምቼ አላውቅም። የኔታ ግድግዳውን እያዩ ፈገግ እንዳሉ ነበሩ፤ ልክ ነዎት እስኪባሉ እየጠበቁ።

ጎንደር ሐኪም ዘንድ ሦስት ሆነን ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ረጋ ብሎ ሁለቱንም ጆሮ በመብራት አየ። ግራው ውስጡን መግል በልቶታል፤ አይመለስም አለ። ቀኙም ተነክቷል፤ ግን በመድኃኒትና ጆሮ ላይ በሚደረግ መሣሪያ ይረዳል። ከዚያ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብሎ ጠየቀ። የኔታ ጥያቄውን አልሰሙትም። እትዬ ድንቄ ወደ መሬት አዩ። የመለስሁት እኔ ነኝ።

"ስፒከሩ ደነዘዘ ካሉ ጀምሮ" አልሁት።

አልገባውም፤ ቀና ብሎ አየኝ። ሳስረዳው እጁን ከመጻፍ አቆመ። ያኔ ቢመጡ ኖሮ ግራውም ይተርፍ ነበር አለኝ። ስድብ አልጨመረበትም፤ ቢጨምርበት ይሻለኝ ነበር።

የኔታ ግን ከጆሯቸው ይልቅ ያዘኑት በሌላ ነው። ተማሪዎቻቸው ያውቁ ኖሯል። ስሕተታቸው ሳይታረም ሲያልፍ አንዳንዱ ደስ ብሎት፣ አንዳንዱ አዝኖ፣ ሁሉም ግን እንደ እኔው በአክብሮት ዝም ብሏል። በእነዚያ ጊዜያት በቅተሃል ተብለው ወጥተው በየደብሩ የሚያገለግሉ ነበሩ። መምህራቸው ያስረከቧቸው ዜማ በእሳቸው እጅ ተበላሽቶ ወደ ሰው አልፏል ማለት ነው። የኔታ ለሁሉም ላኩባቸው፤ መጥታችሁ እንደገና አሰሙኝ ብለው። እስኪመጡም የመምህርነት ወንበሩን ልተወው ይሆናል ብለው ለደብሩ ሰዎች ተናገሩ።

እኔ ደግሞ ጅባራዬን ልሰበስብ ዞርሁ። የጨርቅ ነጋዴዋ ዘንድ ሄጄ ነገሩን ብነግራት፣ "እንጉዳይ፣ አርጅተሽ ጆሮሽ ደክሞ ነው፤ ይጠራል እኮ" አለችኝ። እስቲ ዞረሽ ስሚው ብላት፣ በገዛ ቤቴ እንደ ተቀጣ ልጅ ግድግዳ ላይ አልቆምም ብላ ሣቀችብኝ። ጅባራውን የመለሰልኝ ሰው ጥቂት ነው። ሌላው አላመነኝም፤ ስዋሽ ሳይሆን እውነት ስናገር አላመነኝም። እኅቴን ከኋላዬ አቁሜ ያለኝን ሁሉ አንድ በአንድ ፈተንሁት። የላላ መደርደሪያ ሥር የሚሸጎጥ ለስላሳ ነገር ይረዳል። ቆርቆሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አጎዛ ጩኸቱን ያበርደዋል። ሽቦው፣ ድንጋዩ፣ ማግኔቱ፣ የተቀረው ሁሉ ባዶ ነው። ጋሽ ውበቱ ለምን በረንዳ ላይ ይቆሙ እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ፊት ላይ ቆሜ ነው የኖርሁት። ሱቁን የዘጋሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለሰው ስናገር ዓይኔ ደከመ፣ ስልኩም ቴፑን ገደለው እላለሁ፤ ሁለቱም እውነት ነው፤ ግን በእነሱ ምክንያት አይደለም።

ይቅርታ ልጠይቅ የሄድሁት ዘግይቼ ነው። የኔታ በቀኝ ጆሯቸው መሣሪያውን አድርገው ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ፤ ይቅርታውን እግዚአብሔር ይስጥሽ ብለው ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

"ያንን የመምህሬን ዜማ ስንት ጊዜ ሰምተሽዋል?"

"ኧረ ቁጥርም የለው፣ የኔታ። ዕቃ በፈተንሁ ቁጥር ነው።"

"ታውቂዋለሽ?"

"ቃሉን አላውቀውም። መውጫ መውረጃውን ግን..." አልሁ፤ አውቀዋለሁ ለማለት አፌ ከበደኝ።

"በግራዬ ተቀመጪ" አሉ። "ተማሪ ለተማሪ ያዳላል፤ እኔንም ያፍረኛል። የላክሁበት መጥቶ ሲያዜም ከመንገዱ ከወጣ እጅሽን አንሺ።"

"እኔን ያምኑኛል?"

"አላምንሽም" አሉ፣ ሳይቆጡ። "ዝምታሽን ግን አልፈልገውም።"

እንዲህ ሆነና አሁን ከደባርቅ ዳባት በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ደቀ መዛሙርቱ ከኋላዬ "መሪጌታ ጅባራ" ይሉኛል፤ እሰማለሁ፣ ደግ አደረጉ። ባለፈው ከተላከባቸው አንዱ ከጃናሞራ መጡ። ጎልምሰው በየኔታ እጅ ተምረው ዛሬ ቄስ ናቸው፤ ጢማቸው ሸብቷል። ሴት ከየኔታ አጠገብ ተቀምጣ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ፤ ግን ለመምህራቸው ሲሉ ቆመው ማዜም ጀመሩ። ደኅና ሄዱ ሄዱና፣ አንድ ቦታ ላይ መውረድ የሌለበት የወረደ መሰለኝ። እጄ ከጭኔ ላይ እምቢ አለኝ። አነሣሁት።

ቄሱ አቆሙ። የኔታ ሙሉ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩና "ወጡ?" አሉኝ።

ሁሉም ያየኛል። በሱቄ ዘመን ቢሆን ጥያቄው ሳያልቅ እመልስ ነበር።

"እርግጠኛ አይደለሁም፣ የኔታ" አልሁ። "ይድገሙት።"

የኔታ ቀኛቸውን ወደ ቄሱ አስጠጉ። ቄሱም ጉሮሯቸውን ጠርገው ከመጀመሪያው ጀመሩ።